በሦስት ደረሰኝ የተማርኩት፦ የባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ቡፌ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

ባለፈው አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አዲስ አበባ በሚገኙ ሦስት ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች ቡፌ በልቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የከፈልኩት ከኪሴ ነው (ሦስተኛውን ከወንድሜ ጋር ተጋርተን)፤ ደረሰኞቹም እስካሁን በእጄ አሉ። የመጀመሪያው 5,566 ብር፣ ሁለተኛው 2,024 ብር፣ ሦስተኛው ደግሞ 17,279 ብር ከ90 ሳንቲም ይላል። በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ማዕድ ከማውጣቱ በፊት ደጋግሞ ማሰቡ ተገቢ ነው። ባልደረቦቼና ዘመዶቼም «ለመሆኑ ያወጣል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ። የሆቴሎቹን ስም አልጠቅስም፤ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሼፉ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል፣ እኔም በአንድ ቀን ባየሁት በማንም ላይ መፍረድ አልፈልግም።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ቡፌው ዋጋውን ማውጣት አለማውጣቱን የሚወስኑት የሄዳችሁበት ቀንና ሰዓት፣ ከዚያም በላይ አብረዋችሁ ያሉት ሰዎች ናቸው። «የከፈልኩትን ያህል በልቼ አካክሰዋለሁ» የሚለው ስሌት ግን ሦስቱንም ጊዜ አሳስቶኛል።

የመጀመሪያው ጉዞ የጋብቻችንን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው ነበር። ዕለቱ ማክሰኞ ዋለ፤ ልጆቹን ለእናቴ ትተን ለእራት ሄድን። ዋጋው ለአንድ ሰው 2,200 ብር ነበር። አዳራሹ እጅግ ያማረ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አበባና ሻማ ነበረ፤ ከእኛ ሌላ የተያዙት ጠረጴዛዎች ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። በሰዓቱ ጸጥታውን እንደ መልካም ዕድል ቆጥረነው ነበር። የምግቡን ክዳን እያነሣን ስናይ ግን የዓሣው ጠርዝ ደርቆ ተጣጥፏል፤ ክሬም የገባበት ድንች ገጽ ላይ ቆዳ የመሰለ ስስ ነገር ተጋግሯል፤ ተጠቅልሎ የተደረደረው እንጀራም ጫፉ ተሰነጣጥቋል። ምግቡ መጥፎ ነበር ለማለት ይቸግረኛል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ግሩም እንደነበረ ያስታውቃል። ባለቤቴ ቅር እንዳላት ላለማሳየት እየሞከረች ሾርባና ሰላጣ ብቻ ደጋገመች፤ እኔም ያንን እያየሁ ምግቡ አልጣመኝም።

በኋላ ነገሩን በሆቴል ወጥ ቤት የሠራ አንድ ጎረቤቴ ሲያስረዳኝ ምክንያቱ ገባኝ። የቡፌ ምግብ በብዛት ተሠርቶ፣ ከሥሩ ውኃ ባለበትና እሳት በሚለኮስበት ሻፊንግ ዲሽ ውስጥ ሙቀቱን ጠብቆ እንዲቆይ ይደረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቆይ፣ የበሰለ ምግብም በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ነው። ጠንቃቃ ሆቴል ይህንን ስለሚያከብር እሳቱን አያጠፋም፤ ምግቡን ከመበላሸት የሚጠብቀው ያው ሙቀት ግን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። አዳራሹ ሙሉ ሲሆን አንዱ ትሪ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቅና በአዲስ ይተካል። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ግን ያው ትሪ ምሽቱን ሙሉ ይቀመጣል፤ የሚያወጣው ሰው ከሌለ ወጥ ቤቱ አዲስ ለመሥራት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ ለሁለት ሰው ጸጥ ያለ እራት የሚፈልግ ሰው በሥራ ቀን ምሽት ወደ ቡፌ ከሚሄድ ይልቅ እዚያው ሆቴል ውስጥ ከምግብ ዝርዝሩ መርጦ ቢያዝ ትኩስ ምግብ ያገኛል፤ ምናልባትም ባነሰ ዋጋ። ባለቤቴን ያንን ምሽት እንደገና እንደምክሳት ቃል ገብቼላታለሁ፤ ስንሄድም ከዝርዝሩ እናዛለን።

ሁለተኛው አጭር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር አራት ሆነን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ከፍለን፣ ዓርብ ቀን ለምሳ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል የጾም ቡፌ ሄድን። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማቱ ወቅት በርካታ የከተማችን ሆቴሎች የጾም ቡፌ ያቀርባሉ፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ እንደሚጾምና የዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን እንደሆነ ስናስብ ይህ ገበያ ቀላል አይደለም። ዋጋውም ከፍስኩ ያነሰ ነው፤ እኛ የከፈልነው 1,600 ብር ነበር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ አዚፋውና ስልጆው በየሸክላው ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የእንጉዳይ ጥብስ፣ አትክልት የገባበት ፓስታ፣ ሑሙስና ፈላፍል፣ ከዚያም ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የተጋገረ ኬክ ነበረ።

ሁሉም ጥሩ ነበር፤ ገንዘቤ ግን በአግባቡ ወጥቷል ብዬ አላምንም። ምክንያቱ የምግቡ ጥራት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የምሳ ዕረፍታችን አንድ ሰዓት ሲሆን፣ በመንገድ መጨናነቅ የጠፋው ሲቀነስ ጠረጴዛው ላይ የቆየነው ከ35 ደቂቃ አይበልጥም። እየተጣደፍን በላን፣ ቡናው ሳይፈላ ተነሣን። በዚያ ፍጥነት ለሚበላ ሰው ከቢሯችን ጀርባ ያለችው ቤት በ250 ብር የምታቀርበው በያይነቱ ይበቃው ነበር፤ ሽሮዋ እንዲያውም ከሆቴሉ ይሻላል። ከዚያ ቀን የተማርኩት አንድ ጠቃሚ ነገር ግን አለ። ከእኛ መካከል ጾሟን በጥንቃቄ የምትጠብቅ እኅት ስለነበረች ከዳቦው አጠገብ ቆሞ የነበረውን ወጣት «ይህ ዳቦ የጾም ነው?» ስትለው ሁለቱ ወተት እንዳለባቸው፣ አንዱ ብቻ ንጹሕ የጾም እንደሆነ ለይቶ አሳያት። የጾም ቡፌ ላይም ቢሆን ዳቦውንና ሾርባውን መጠየቅ አይከፋም፤ የጾምና የፍስክ ምግብ ጎን ለጎን በሚቀርብበት ቀን ደግሞ ጭልፋው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛወር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሂልተን አዲስ አበባ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር የ18 ዓመት ልጃገረድ ነበረች፤ ሸራተን በ1998 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ደግሞ እኛን ልጆቿን በማሳደግ ላይ ነበረች። በእነዚህ ሆቴሎች አጥር ሥር ስታልፍ ዕድሜዋን ብትፈጅም ከአንዳቸውም ገብታ ሻይ ጠጥታ አታውቅም። ታናሽ ወንድሜ ሥራ በያዘ በሁለተኛው ዓመት «እማዬን አንድ ቀን በወግ እንጋብዛት» አለኝና ለሁለት ተዋጥተን አንድ እሑድ ወደ ትልቅ ሆቴል ወሰድናት። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሜና እኔ አራት ዐዋቂዎች፣ ከዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄና ከአራት ዓመት ሴት ልጄ ጋር ስድስት ነበርን።

በስልክ የተነገረን ዋጋ ለዐዋቂ 2,800 ብር፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ፣ ከዚያ በታች ነጻ የሚል ነበር። በልቤ የያዝኩት 12,600 ብር ነው። የነገረችን ልጅ ግን ዋጋውን ከተናገረች በኋላ «ፕላስ ፕላስ» ብላ ነበር፤ እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሳለ ቃሉን ሰምቼ አለፍኩት። ፕላስ ፕላስ ማለት በተባለው ዋጋ ላይ መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያም በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል ማለት ነው። ሁለቱ ተደራርበው የተባለውን ዋጋ በ26.5 በመቶ ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ 2,800 የተባለው በእውነቱ 3,542 ብር ነው። በዚህ ላይ መጠጥ በዋጋው ውስጥ አልነበረም። ሁለት ትልልቅ ውኃ በ180፣ ሁለት ጭማቂ በ350 ብር አዘዝን፤ እነሱም ላይ ያው ጭማሪ መጣ። የመጨረሻው ድምር 17,279 ብር ከ90 ሳንቲም ሲሆን ካሰብኩት በ4,680 ብር ገደማ ይበልጣል። ሆቴሉ የደበቀው ነገር የለም፤ ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። ስትደውሉ «ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ ስንት ነው? ውኃና ቡናስ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከበሩ ጀምሮ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትራመደው። ቡፌው ፊት ስንደርስ ሳህን ሰጠኋትና ልጆቹን ላስቀምጥ ሄድኩ። ስመለስ ሳህኗ ላይ ያገኘሁት አንድ ጥቅል እንጀራ፣ አንድ ማንኪያ አይብና አንድ ማንኪያ ጎመን ብቻ ነው። «እማዬ፣ ምነው?» ስላት «ይበቃኛል ልጄ፣ ሌላውም ሰው ይብላ እንጂ» አለችኝ። ይሉኝታ ነው። የተከፈለው በሰው ቁጥር እንደሆነ፣ እሷ ብታነሣም ብትተውም የማንም ድርሻ እንደማይጎድል ማስረዳት ነበረብኝ። ለመንገር ቀላል ቢመስልም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላው ስታቀርብና ከተረፈው ስትበላ የኖረች እናት በአንድ ጊዜ አትቀበለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። እኛ ቡፌን የተማርነው ከሠርግ ነው። በሠርግ ቤት ሰልፉ ረጅም ነው፤ አንዴ ካለፋችሁ ተመልሳችሁ መሰለፍ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ወይ እንደ እናቴ በይሉኝታ ትንሽ ታነሣላችሁ፣ ወይ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ሳህን ትከምራላችሁ። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ሰው አይቻለሁ፤ ክትፎው ከላዛኛው፣ ዓሣው ከዶሮ ወጡ ጋር ተደበላልቆ፣ ግማሹ ሳይበላ የተመለሰ ሳህን ጥቂት አልነበረም። የሆቴል ቡፌ እንዲህ እንዲበላ የተሰናዳ አይደለም። አምስት ጊዜ ብትመላለሱ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም፤ ያገለገለው ሳህን ይነሣል፣ እናንተም በንጹሕ ሳህን ሌላ ታነሣላችሁ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞራችሁ ምን እንዳለ እዩ፤ ከዚያ በትንሽ በትንሹ እየተመላለሳችሁ ብሉ። ወንድሜ እንዲህ አድርጎ ስድስት ጊዜ ተመላልሷል፤ ከሁላችን ይበልጥ የተደሰተውም እሱ ነበር።

እናቴን የፈታት ወንድሜ ወይም እኔ አይደለንም። በአዳራሹ ጥግ ሙሉ የበግ ጥብስ በእንጨት ገበታ ላይ ተጋድሞ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ አንድ ወጣት ለሚመጣው ሁሉ ይቆርጥ ነበር። ይዣት ሄድኩ። «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ልጄ» አለችው። ልጁ ቢላዋውን አቆመና «እማማ፣ ከዚህ ከጎድኑ ጋ ለስላሳውን ልስጥዎት? ጥርስዎን አያስቸግርም» አላት። ከዚያ ስጋውን ከአጥንቱ ለይቶ፣ እንደ ጥብስ በደቃቁ ከትፎ፣ ጎኑ ላይ አዋዜ አደረገላትና ሳህኑን ራሱ ይዞ እስከ ጠረጴዛችን መጣ። እናቴ «እደግ፣ ተመንደግ» ብላ መረቀችው። ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሴት ልጄ፣ ሁለተኛውን ለባለቤቴ አጎረሠች፤ ሦስተኛውን ራሷ በላች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻዋን ተነሥታ ሄደች።

ምግቡን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ዋጋቸውን የሚያወጡት በዓይናችሁ ፊት የሚሠሩት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ በትዕዛዝ የሚጠበሰው እንቁላል፣ እዚያው የሚቆረጠው ጥብስ፣ እዚያው ከሶስ ጋር የሚዋሐደው ፓስታ። ክትፎውን ግን ከተደረደረበት አላነሣሁም፤ ለብለብ የተደረገ ስጋ ለረጅም ጊዜ ሞቆ ሲቆይ ለብለብነቱ ይቀራል፣ ሳይሞቅ ሲቆይ ደግሞ ለጤና አያስተማምንም። አስተናጋጁን «አዲስ ሊሠራልን ይችላል?» ብዬ ጠየቅኩት፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትኩስ መጣልን፣ ተጨማሪም አልተጠየቅንም። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ነውር ይመስለዋል፤ ነውር አይደለም።

ከውጭ የሚመጡት፣ ማለትም ሳልመን ዓሣው፣ የፈረንጅ አይቦቹና ቸኮሌቱ፣ ለዋጋው መናር አንዱ ምክንያት ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ ዕቃ የሚያስገባ ሆቴል ይህንን ከእንግዳው ካልሆነ ከማን ያገኘዋል? ቤት የማይሠራውን መቅመስ የሚወድ ሰው ወደነዚህ ቢያዘነብል ልክ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዶች እንደሚመክሩት «እንጀራና ሩዝ አትንኩ፣ ውድ ውዱን ብቻ ብሉ» የሚለውን አልስማማበትም። እናቴ ሳልመኑን ቀምሳ «ዓሣው አልበሰለም» ብላ ተወችው፤ በጎመኑና በአይቡ ግን ፊቷ በራ። እሷን ሳልመን በልተሽ ገንዘቡን አካክሺ ማለት ግብዣ መሆኑ ይቀራል።

ቤት ከገባሁ በኋላ፣ የሥራ ልማድ ነውና፣ የበላነውን ከዚያው ሆቴል የምግብ ዝርዝር ዋጋ ጋር አስተያየሁት። ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር ባለው ዋጋ፣ ባለቤቴና እኔ የበላነው እያንዳንዳችን ወደ 2,300፣ የወንድሜ ከ4,000 የማያንስ፣ የእናቴ 1,500፣ ፓንኬክና አይስክሬም ብቻ የበላው ልጄ ደግሞ 600 ብር ገደማ ይሆናል። ድምሩ 10,700 ሲሆን ለቡፌው የከፈልነው 12,600 ነው። ስለዚህ በቁጥር ብቻ ከታየ ወደ 1,900 ብር ከስረናል፤ ከስድስታችን ያተረፈው ወንድሜ ብቻ ነው።

ነገር ግን ያ ንጽጽር አንድ ትልቅ ነገር አያሳይም። እናቴ ከዝርዝር እንድታዝ ብንሰጣት ኖሮ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው በቀኝ በኩል ባለው ቁጥር ላይ ነበር። ጥብሱ ስንት እንደሆነ ባየች ጊዜ «ሾርባ ይበቃኛል» ባለች ነበር፤ እናውቃታለን። ቡፌው ያንን ቁጥር ከፊቷ አነሣልን። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል፣ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ማንም ሳያጣድፈን፣ ልጆቹ እየተመላለሱ፣ ቡናው በጀበና ፈልቶ እስከ ሦስተኛው ተቀድቶ ተቀመጥን። እናቴ ስለ ልጅነቷ፣ ከዚህ በፊት ሰምተነው የማናውቀውን ነገር አወራችን። ወንድሜም አስቀድሞ ከአስተናጋጁ ጋር ተነጋግሮ ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ ሳይቀርብ ካሸሩ ጋ ሄዶ ስለከፈለ፣ ዋጋውን እስከ ዛሬ አታውቅም። ወላጆቻችሁን የምትወስዱ ከሆነ ይህቺን ነገር አደራ። 1,900 ብሩ የወጣው ለዚህ ነው፤ እኔም አልቆጨኝም።

ያልተመቸኝ አንድ ነገር መጨረሻ ላይ መጣ። እናቴ ሁለት ቁራጭ ኬክ በሶፍት ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ ስታስገባ አስተናጋጁ አየና ቀረብ ብሎ፣ ከቡፌ ምግብ ይዞ መውጣት እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገራት። ኬኩን የያዘችው ለጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ነበር። እጇ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ልቤ ተነካ። አስተናጋጁ ሥራውን ነው የሠራው፤ ሰው ሁሉ ይዞ ቢወጣ ቡፌ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ከአዳራሹ ወጥቶ ማቀዝቀዣ ሳይገባ የሚቆይ ምግብም የሰው ጤና ሊጎዳ ይችላል። ጥፋቱ እኔ ቀደም ብዬ ሳልነግራት መቅረቴ ነው። ስንወጣ ከሆቴሉ ኬክ ቤት ለጎረቤታችን ልጅ አንድ ገዝቼ ሰጠኋት።

የሚሄድ ሰው ሲደውል ሊጠይቃቸው ከሚገቡት ውስጥ ዋጋው ላይ የሚታከለውንና የልጆችን የዕድሜ ወሰን አንሥቻለሁ። ሌላው በዚያ ቀን ስንት ሰው እንደሚጠበቅ ነው፤ ይህን ብዙዎች አይጠይቁም፣ መልሱ ግን ከዋጋው እኩል ይጠቅማል። «እሑድ ብዙ ጊዜ ይሞላል» ከተባላችሁ ሂዱ፤ «ባዶ ቦታ ብዙ አለ፣ በፈለጉት ጊዜ ይምጡ» ከተባላችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ። አዳራሹ እንደተከፈተ ግቡ፤ ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት ሲቀር ትሪዎቹ መተካታቸውን ያቆማሉ፣ ዘግይታችሁ ብትደርሱም የምትከፍሉት ያው ሙሉውን ነው። ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ቀብድ ሊጠየቅ ስለሚችል ከሳምንት በፊት ያዙ። አዛውንት ካለ ከቡፌው ብዙ ያልራቀ፣ ለእጅ መታጠቢያው ቅርብ የሆነ ጠረጴዛ እንዲሰጣችሁ አስታውቁ፤ ሳህን ይዞ ረጅም መንገድ መመላለስ ለጉልበት ከባድ ነው፣ በእጁ የለመደ ሰውም ያለ መታጠቢያ በማንኪያና ሹካ ሲታገል ምግቡ አይጥመውም።

ብቻውን በሥራ ቀን ሄዶ ጠግቦ ለመውጣት ለሚያስብ ሰው ግን አልመክርም፤ በዚያ ገንዘብ ጥሩ ሥጋ ቤት ገብቶ ጓደኛውንም ይጋብዛል። ተበድሮ ወይም የቤት ኪራዩን ቆርሶ መሄድም አይገባም፤ ወንድሜና እኔ ለዚያ እሑድ አምስት ወር በየወሩ እየቆጠብን ነው የደረስነው። ጿሚና ጿሚ ያልሆነ፣ ሕፃንና አዛውንት፣ የሚመርጥና የማይመርጥ በአንድ ጠረጴዛ ለሚሰበሰብበት ቤተሰብ ግን ሁሉም እንደየፍላጎቱ የሚያገኝበት ሌላ ቦታ እስካሁን አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ከመስቀል በኋላ ላለው እሑድ ቦታ ለመያዝ ደወልኩ። አጠገቤ ተቀምጣ ቡና የምትቀዳው እናቴ የማንን ስልክ እንደደወልኩ ሲገባት እጄን ያዝ አደረገችኝና «ያ በጉን የሚቆርጠው ልጅ ዕለቱን ይገባ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለች። ጠየቅኩ፤ እሑድ እሑድ አለ ተባልኩ።